የጋሽ ሙዘይን ሁለት መቶ ፓውንድ

ወገኖቼ፣ ክብደቱን ቀንሶ የሚናገር ሐበሻ አይታችሁ ታውቃላችሁ? እኔ አላየሁም። «ምነው ከሳህ?» የተባለ ዕለት ታሞ የሚተኛ ሕዝብ ነን!

ጋሽ ሙዘይን ሲታክ ኤርፖርት ታክሲ ይነዳሉ። ነፋስ የሚወስዳቸው ቀጭን ናቸው። ባለፈው ክረምት ስኪ ሊገዙ አብረን ሄድን፤ ያንን ክላሲክ የሚሉትን፣ በረዶ ላይ ሜዳውንም ዳገቱንም በእግር እየገፉ የሚሄዱበትን።

«ክብደትዎ ስንት ነው?» አለች ሻጯ።

ጋሽ ሙዘይን ደረታቸውን ነፉ። «ሁለት መቶ ፓውንድ! ያውም ያለ ኮት!»

ከነኮታቸው መቶ አርባ አይሞሉም። እሷ ግን ለተነገራት ክብደት የሚሆነውን ሰጠች።

ለካ ስኪ መሃሉ እንደ ቀስት የጎበጠ ነው። የሚረግጠው ሰው ክብደት መሃሉን ሲጫነው በረዶውን ይነክስና ወደ ፊት ያስኬዳል። የሁለት መቶ ፓውንዱ ስኪ ግን ለጋሽ ሙዘይን መች ዝቅ ሊል! ቅዳሜ ተራራ ወጥተን ዳገቱን ሲጀምሩ፣ እንደ ቆሙ ወደ ኋላ ተንሸራተው መኪናችን ጋ ደረሱ። ያውም ሦስት ጊዜ!

«ጋሼ፣ እውነተኛውን ኪሎ ይንገሯትና ቼንጅ እናድርገው» አልኳቸው።

«እኔ ቃሌን አላጥፍም!» አሉ፣ በረዶውን ከሱሪያቸው እያራገፉ።

ኮራሁባቸው። ከዚያ ወዲህ ምግባቸው ጠዋት ገንፎ በቅቤ፣ ማታ ክትፎ ሆነ። ትናንት ኮል አደረጉልኝ።

«አራት ፓውንድ ጨመርኩ!»

«ስኪውስ ጋሼ?»

«ይጠብቀኛ! እየደረስኩበት ነው።»