ለራሴ ሽማግሌ የሆንኩ ዕለት

ወንድ ልጅን የምትፈራው ምንድን ነው ብላችሁ ጠይቁት። አላህን ይላችኋል፤ ደፈር ያለው ደግሞ ምንም አልፈራም ይላል። አትመኑት። ሠላሳ ዓመት ያለፈው ወንድ የሚፈራው ማበጠሪያውን ነው። ጠዋት አንዴ ጸጉሩ ላይ ያሳልፈውና ወደ ብርሃን አንስቶ የወደቀውን ይቆጥራል። እኔም ወልድያ በተከራየኋት ክፍል መስኮት ሥር ይህን ቆጠራ ሁለት ዓመት ሙሉ አካሂጃለሁ።

ፍርሃቴ ያለ ምክንያት አልነበረም። መርሳ ውስጥ መዲና የምትባል ልጅ አለች። ላገባት አስቤያለሁ፣ እሷም ፈቅዳለች፤ የቀረው ሽማግሌ መላክ ነበር። ጸጉሬ ግን ከሽማግሌዎቹ ቀድሞ መሄድ ጀመረ። መላጣ ሆኜ ስታየኝ ሐሳቧን ብትቀይርስ? ያልሞከርኩት የለም። የጥቁር አዝሙድ ዘይት ቀባሁ፣ የጉሎ ዘይት ቀባሁ። የቀይ ሽንኩርት ጭማቂ ስቀባ የከረምኩ ጊዜማ የባጃጅ ተሳፋሪዎች ከእኔ ራቅ ብለው መቀመጥ ጀመሩ። ባጃጅ ውስጥ ደግሞ ወዴት ይራቃል? ከላይ የጠፋውን ከታች ላካክስ ብዬም ጺሜን ለቀቅኩት።

በመጨረሻ ቆዳ ሐኪም ዘንድ ሄድኩ። በልቤ ተማምኜ ነበር፤ አባቴ፣ አላህ ይዘንላቸውና፣ ጸጉራቸው ሳይሳሳ ነው የሞቱት። ይህን ስነግራት ሐኪሟ የእናትህ ወንድሞችስ ብላ ጠየቀችኝ። የአጎቴ የሼህ ሙሄ ግንባር የት ላይ እንደሚያልቅ እስከ ዛሬ ያወቀ የለም። ነገሩ በአባትም በእናትም በኩል ይወረሳል አለችኝ። የወንድነት ሆርሞን የጸጉሩን ሥር ቀስ በቀስ ያቀጭጨዋል፤ ጸጉሩ እየሳሳና እያጠረ ሄዶ ከናካቴው መብቀሉን ይተዋል፤ የኮፍያም የሳሙናም ጥፋት አይደለም። ወንድነቴ ራሴን ሲበላኝ አስቡት! ከዚያ ጠዋትና ማታ የሚቀባ መድኃኒት አዘዘችልኝ። ጨርሶ የሄደውን አይመልስም፣ ያለውን ግን ሊያቆይ ይችላል፤ ለውጡን ለማየት ወራት ይፈጃል፤ ካቋረጥከው ያተረፍከውም ይሄዳል አለች። በሩ ላይ ስደርስ መልሳ ጠራችኝና፣ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት የባሰ ሊረግፍ ስለሚችል እንዳትደነግጥ አለችኝ። አትደንግጥ የተባለ ሰው ሳይደነግጥ ቀርቶ ያውቃል?

ሽማግሌዎቹ የሚሄዱበት ቀን ልክ በዚያ በባሰበት ሳምንት ላይ ዋለ።

በእኛ ደንብ ጠያቂው ልጅ ከሽማግሌ ጋር አይሄድም። ነውር ነው፤ የልጅቷ አባት ናቁኝ ብሎ እንቢ ሊል ይችላል። እኔ ግን ወልድያ ተቀምጬ መጠበቅ አቃተኝ። አጎቴን ሼህ ሙሄንና ሁለት ጓደኞቻቸውን በሚኒባስ ይዤ መርሳ ወረድኩ። እነሱ ገቡ፣ እኔ ከግቢው ፊት ለፊት የማንጎ ዛፍ ሥር ቀረሁ። ሙቀቱ አይጣል ነው። ኮፍያዬን አውልቄ ላቤን ስጠርግ የመዲና አባት ሐጅ እንድሪስ ብቅ አሉ። አይተውኝ አያውቁም። ጺሜን አዩ፣ ራሴን አዩ፣ አንዱ ሽማግሌ ደጅ ቀርቷል ብለው ደነገጡ። «ኧረ በአላህ! አንቱ ምነው ከደጅ ቀሩ? ይግቡ እንጂ!» ብለው ክንዴን ያዙኝ። ምን ልበል? ልጁ እኔ ነኝ ብል ነገሩ እዚያው ማንጎ ሥር ሊያበቃ ነው። ተከትያቸው ገባሁ።

አጎቴ ሲያዩኝ ዱዓቸውን ከመሃል አቋረጡ። እኔ ጉልበቴ ይንቀጠቀጣል። ሐጅ እንድሪስ የዕድሜ ነው ብለው መደገፊያ ትራስ አስመጡልኝ።

ጥያቄው ቀረበ። ሐጅም እንደ ደንቡ የልጁን ዘር መጠየቅ ጀመሩ፤ የሚጠይቁት ግን እኔን! ዝም ያለ ሽማግሌ አይዋሽም ብለው በዘሩ የሚወረስ በሽታ ካለ እውነቱን እንድነግራቸው ለመኑኝ። መዋሸቱንም ፈራሁ፣ እውነቱንም ፈራሁ። ስለ ራሴ እንደ ሩቅ ሰው እያወራሁ፣ ልጁ ጸጉሩ እየሄደ ነው፣ ከአጎቱ የወረሰው ነው አልኩ። ሆርሞኑን፣ ሥሩን፣ መድኃኒቱን፣ አንድም ሳላስቀር ተናገርኩ። አጎቴ ኮፍያቸውን ወደ ቅንድባቸው ሳቡ።

ሐጅ እንድሪስ ሳቁ። ይሄ ነው እንዴ፣ ወላሂ ሌላ መስሎኝ ደንግጬ ነበር አሉና ልጄን ሰጥቻለሁ ብለው አረፉት። ትንፋሼ ተመለሰ። ምን ዋጋ አለው፣ ሰውየው አልጨረሱም። ወደ እኔ ጠጋ ብለው ባለቤት አለዎት ወይ አሉኝ። የለኝም አልኩ፤ እውነት ነዋ። እህታቸው ዘሀራ ባሏ ከሞተ ቆይቷል፣ ልጆቿንም ድራ ጨርሳለች። ለልጁ ልጄን፣ ለእርስዎ እህቴን፣ ሁለቱን ኒካሕ በአንድ ቀን እናስር አሉ።

አክስትንና የወንድሟን ልጅ አንድ ላይ ማግባት በሃይማኖታችን ክልክል ነው። እሺ ብል መዲናን አጣኋት፤ እንቢ ብል ቤተሰቡን ናቅኩ። በዚህ መሃል መዲና የእጅ ውሃ ይዛ ገባች። ከሽማግሌዎቹ መሃል ስታየኝ ውሃው ምንጣፉ ላይ ፈሰሰ። አባቷ የአክስትሽ ባል ሊሆኑ ነው፣ አስታጥቢያቸው አሏት። እንዲህ የፈራሁበት ቀን በሕይወቴ የለም። ልጁ እኔ ነኝ ብዬ ጮህኩ።

ሐጅ እንድሪስ መጀመሪያ ልጃቸውን አዩ። እሷ አቀርቅራለች፣ ትከሻዋ ግን በሳቅ ይንቀጠቀጣል። ከዚያ ጸጉሬን፣ ማለቴ የነበረበትን ቦታ፣ ረጅም ጊዜ አዩት።

«የሰጠሁትን አልነሳም» አሉ በመጨረሻ። «ግን ሰው ለራሱ ሽማግሌ አይሆንም። ለጁምዓ በአንተ ፋንታ ሌላ ሽማግሌ ይዛችሁ ኑ። መላጣም ቢሆን ግድ የለም፣ ሚስት የሌለው ይሁን እንጂ፤ ዘሀራ ከጓዳ ሆና ሁሉንም ሰምታለች።»