የእትዬ ትንበያ ስህተት

ወንበር የሚጎድለው መሥሪያ ቤት ሞልቷል። ነገ የሚሆነውን ዛሬ ተናግሮ ሰውን ምሳውን በሰላም እንዳይበላ የሚያደርግ ሰው የሌለበት መሥሪያ ቤት ግን ገና አልተፈጠረም። የከተማው ውሃ ክፍል ይህን ጸጋ የታደለው በክብርት እትዬ ትንበያ በኩል ነው።

እትዬ ትንበያ የሂሳብ ተመራማሪ ናቸው። ጥናታቸው የመንግሥት ገንዘብ መቼ እንደሚገባ፣ መቼ እንደሚወጣና መቼ እንደሚያልቅ ቀድሞ ማወቅ ነው። ልማድ ሆኖባቸው ግን ሌላውንም አይምሩም። ጥበቃውን "ይሄ ጫማህ ክረምቱን አያልፍም" ቢሉት፣ በእልህ በማግስቱ አሰፋው። ጫማው ክረምቱን አለፈ። እሳቸውም መሳሳታቸው ደስ ብሏቸው ሲስቁ ዋሉ።

በእሳቸው ላይ ቀልድ የሚያመርተው ሹፌሩ ነበር።

"እትዬ፣ ጎማዬ መቼ እንደሚተነፍስ ይንገሩኝና እዛው ጎሚስታው ደጃፍ ልጠብቅ።"

"ጎማህስ ይታወቃል። እኔን ያቃተኝ አፍህ የሚያርፍበት ቀን ነው።"

ቀልዱን ያስቆመው ነዳጅ ነው። መብራት ሲጠፋ ውሃውን የሚገፋው ጄኔሬተር ነው፤ የነዳጁ በጀት ግን ወሩ ሳይጋመስ ይሟጠጣል። ያኔ ሰፈሩ ባዶ ጀሪካኑን ታቅፎ ደጅ ይወጣል። ነዳጅ የሚያመላልሰው ሹፌሩ ስለሆነ ጣት ሁሉ ወደ እሱ ተቀሰረ። ማህተሙን ከኪሳቸው ስለማይለዩ "ጋሽ ማህተም" የሚባሉት ምክትል ኃላፊም፣ "በዚህ ወርም ካለቀ የመኪናውን ቁልፍ ታስረክባለህ" አሉት።

ማታ ለሚስቱ ነገራት።

"ለሴትየዋ ንገራቸው።"

"ስስቅባቸው ከርሜ?"

"እስካሁን ስቀህባቸዋል፤ አሁን ደሞ ሄደህ አልቅስላቸው።"

ሄደ። እትዬ ትንበያ ሰምተው፣ መብራት የጠፋባቸውን ቀኖች ነዳጅ ከተጠየቀባቸው ቀኖች ጋር አስተያዩ። "ገረመኝ" አሉ። "መብራት ባልጠፋበት ሳምንት ነዳጅ ይጠየቃል፤ ይከፈልበታል፤ ነዳጁ ግን አይመጣም። ደግሞ ሁልጊዜ ዋናው ኃላፊ ከከተማ ሲወጡ ነው።"

"ታዲያ ይንገሩልኛ!"

"የሄደው ሄዷል። እኔ የማጠናው የሚመጣውን ነው።"

በማግስቱ ማስታወቂያ ሰሌዳው ላይ ወረቀት ተለጠፈ፦ "የወሩ ትንበያ። ዋናው ኃላፊ ረቡዕ ለስብሰባ ይወጣሉ። የጄኔሬተሩ በርሜል ሙሉ ነው። ሐሙስ ጠዋት ግን ተጨማሪ ነዳጅ ይጠየቃል።"

ሐሙስ ጠዋት ሥራ የሠራ ሰው አልነበረም። ገንዘብ ያዧ መስኮት አካባቢ አንዱ ብዕር ጠፋብኝ ይላል፣ ሌላው ያልጠፋውን ብዕር ያፈላልገዋል። ጠያቂ ግን አልመጣም። ዓርብም ቀረ። በወሩ መጨረሻ መብራት ድርግም ሲል ሹፌሩ ወደ ጄኔሬተሩ ሮጠ። ጄኔሬተሩ ሁለቴ አስሎ ተነሣ። ውሃው በየቧንቧው ተንዠቀዠቀ፤ ሰፈሩ ጀሪካኑን ሞልቶ ባልዲ ፍለጋ ገባ።

በወሩ ስብሰባ ላይ ጋሽ ማህተም ደረታቸውን ነፍተው ተነሡ።

"ትንበያ ተብሎ ተለጠፈ፤ ሁላችንም አነበብን። ውሸት ሆነ! እኔ ሐሙስ ዕለት ነዳጅ ጠየቅሁ? ማን ነው ስጠይቅ ያየኝ?"

የአዳራሹ ዓይን ሁሉ እሳቸው ላይ አረፈ።

እትዬ ትንበያ መነጽራቸውን እየጠረጉ፣ "ጋሼ" አሉ ለስለስ ብለው፣ "ወረቀቱ ላይ እኮ የማንም ስም አልነበረም።"

ዋናው ኃላፊ የጠረጴዛውን ዙሪያ አዩ፤ ቀጥሎም መዳፋቸውን ዘረጉ። "ማህተሙን ወዲህ። ወደ ኋላ ያለውንም ኦዲተር ያየዋል።"

ሹፌሩ ወንበር ላይ ወጣ። "ተሳሳቱ! እትዬ ተሳሳቱልኝ!" ብሎ ሲጮህ፣ የገንዘብ ያዧ እልልታ ጣሪያውን ሊያነሣው ደረሰ። እሳቸው ግን እንደ ሙሽራ አንገታቸውን ደፍተው ይስቃሉ።

ሰኞ ጠዋት ሰሌዳው ላይ አዲስ ወረቀት ነበር፦ "የሹፌሩ የኋላ ጎማ ይህን ሳምንት አያልፍም።"

ሹፌሩ አነበበው። ቀልዱን ለሌላ ቀን አቆይቶ የኋላ ጎማውን በእግሩ መታ መታ አደረገው። ከዚያ መኪናውን አስነሥቶ በቀጥታ ወደ ጎሚስታው ነዳ፤ እኚህን ሴትዮ እንደ ማሳሳት የሚጥም ነገር የት ይገኛል?