ዱዓና ደወል

የሥራውን ግማሽ ለአላህ የሚተው አለቃ ገጥሟችሁ ያውቃል? እኔን ገጥሞኛል። ትምህርት ቤት ባልገባም ፊደል በራሴ ቆጥሬያለሁ፤ እኔ አዋጅ ሳነብ ከቆቦ እስከ ዋጃ ጭጭ ይባላል።

ልጄ ዘሃራ ሩቅ ከተማ በአእምሮ ሕሙማን ክፍል ነርስ ናት። ብቻዋን ተረኛ ሳለች ሕመሙ የተነሳበት ሰው ክንዷን ሰበራት፤ እሱስ ምን ያድርግ፣ ታሟል! ብትጮህም የሰማት አልነበረም። ወደ ጤነኛው አለቃዋ ሄጄ፣ «ሠራተኛን ከአደጋ የመጠበቅ ሕጋዊ ግዴታው የአሠሪው ነው፤ ረዳትና የአደጋ ደወል ስጣት» አልኩት።

«አባባ፣ ዱዓ ያድርጉላት» አለኝ።

«ዱዓው የእኔ ነው ልጄ፤ ደወሉ ያንተ!»

ክንዷ ድኖ ሥራ ገብታለች። እኔ ድርሻዬን አላጓደልኩም፤ ደወሉ ግን ዛሬም የለም። ባጃጅ ደጄ በቆመ ቁጥር ዳግመኛ ተጎድታ መጥታ «አባ!» ያለችኝ እየመሰለኝ ብድግ እላለሁ።