ጥር ላይ የፈነዳ አደይ

ጥር ገባና ሰፈሩ ሁሉ የመኪና ጡሩምባ ሆነ። ከሰባተኛ ተነስቶ ሀብተ ጊዮርጊስ ድልድይ እስኪደርስ አንድ የሙሽራ መኪና ያላጋጠመው ሰው ካለ ዓይኑን ጨፍኖ ነው የሄደው። እኔ ደግሞ ሙሽሮቹን አላይም። የማየው አበባውን ነው። መኪናው ላይ የታሰረውን፣ ሙሽራዋ ያቀፈችውን፣ ሚዜዎቹ ደረት ላይ የተሰካውን። አይቼም አልተውም፣ እፈርዳለሁ። "ይሄ እስከ ምሳ አይደርስም።" "ይሄ ፕላስቲክ ነው፣ ያውም ርካሹ።" ምን ላድርግ? የአበባ ነጋዴ ሚስት ነበርኩ። "ነበርኩ" የምትለዋን ቃል ገና አልለመድኳትም።

ባሌ አበራ፣ ነፍሱን ይማረውና፣ እዚሁ መርካቶ የፕላስቲክ አበባ ይሸጥ ነበር። የሙሽራ መኪና ሪባኑም፣ የአዳራሽ ማስጌጫውም ከእሱ ሱቅ አይጠፋም። መርካቶ ተወልዶ፣ መርካቶ አድጎ፣ መርካቶ የነገደ ሰው ነው። ቤተ ክርስቲያን መሳሙ እንዳለ ሆኖ አንድ ሌላ እምነትም ነበረው። "መርካቶ የሌለ ነገር ገና አልተፈጠረም" ይላል። በዚህ ነገር ከሰው ጋር ተከራክሮ ተሸንፎ አያውቅም። አንድ ጊዜ ብቻ ሊሸነፍ ደርሶ ነበር። የማወራችሁም እሱን ነው።

ለሠርግ አበባ ሲመረጥ ወቅት ይታያል ይላሉ። እውነት ነው። መስከረም ከሆነ ምን ችግር አለ? ሜዳው ራሱ ተሸልሞ ይጠብቃል። ከፋሲካ በኋላ ከሆነም ደመናው ያግዛል። ክረምት ላይማ ማን ይጋባል? ጭቃና ቬሎ መቼ ተዋደው ያውቃሉ? ችግሩ ጥር ነው። እግዜር አበባውን መስከረም ላይ አደረገው፤ እኛ ሠርጉን ጥር ላይ ቆለልነው። ማን እንደተሳሳተ እናንተ ፍረዱ።

አበራ ግን ፈርዶ ጨርሷል። "ፕላስቲክ የተፈጠረው ለዚህ አይደል?" ይላል። "ክረምት ከበጋ ያው ነው። ውኃ አይጠይቅ፣ አይጠወልግ።" "አይሸትማ" ስለው፣ "ሽቶ ከፈለግሽ ሐጂ ከድር ጎረቤት አሉልሽ" ይለኛል። ሐጂ ከድር ሱቃቸው ከእኛ ሱቅ ጋር ግድግዳ ይጋራል። ሽቶ ነው የሚሸጡት። ሁለቱ ሲፎካከሩ ዕድሜያቸውን ፈጁ።

አንድ ጥር የእህቴን ልጅ ዳርን። ጊዜው የጽጌረዳ እርሻ በየከተማው ዳር የበዛበት ነው። ባሕር ማዶ ሳይሄድ የቀረው እዚህ ይሸጣል፤ ሙሽራዋም የያዘችው ከዚያው ነው። ጠዋት አበባው ቀጥ ብሎ ሲታይ ወታደር ይመስል ነበር። ፎቶ ሊነሱ መናፈሻ ሲደርሱ አንገቱን ደፋ። ከሰዓት በኋላማ ለቅሶ ሊደርስ የመጣ ነው የሚመስለው። አበራ ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብሎ፣ "የእኔ ቢሆን ኖሮ ለልጅ ልጇ ሠርግ ይደርስ ነበር" አለኝ። ሳቄን በነጠላዬ ሸፈንኩ።

እንዲህ የሚል ሰው ልጁን የሚድርበት ቀን መድረሱ አይቀርም። ያለችን አንዲት ልጅ ሜሮን ናት። መስከረም ላይ ስለተወለደች አባቷ "አደይ" እያለ ነው የሚጠራት። ሽማግሌ ተላከ፣ እሺ ተባለ፣ ቀኑ ከጥምቀት በኋላ ተቆረጠ። አበራ በደስታ የሚገባበት ጠፋው። ከሱቁ ምርጥ የሚለውን ነጭ አበባ በካርቶን አድርጎ ቤት ይዞ መጣና ፊቷ ዘረገፈው።

ሜሮን አየችው። አንዱን አንስታ አሸተተች። መልሳ አስቀመጠች።

"አባዬ፣ በሠርጌ ቀን አቧራ የሚራገፍለት አበባ አልይዝም" አለች። "ነፍስ የለው። ንብ እንኳን አትጠጋውም።"

"ታዲያ ምንድን ነው የምትፈልጊው?"

"አደይ አበባ! ስሙን ያወጣህልኝ አንተ አይደለህ?"

"በጥር?" አልኩ እኔ ደንግጬ።

"መርካቶ የሌለ ነገር አልተፈጠረም ሲል አይደል እንዴ ያሳደገኝ?" ብላ ወጣች።

አበራ አበባውን አንድ በአንድ ወደ ካርቶኑ መለሰ። ራትም አልበላ። ልጅቷ የተማረችው በዚያ በማይሸተው አበባ ነው፤ ጫማዋም፣ ደብተሯም ከእሱ ነው። እሱ ግን ይህን አላነሳም። "ነፍስ የሌለው ነገር ስሸጥ ኖሬ እንዴት ብዬ ነው ልጅ ልመርቅ የምቆመው? አጎቷ ይመርቃት" አለኝ። ያኔ ነው የፈራሁት። አባቷ ያልመረቀው ሠርግ ምኑ ሠርግ ነው?

ከዚያ ወዲያ አባትና ልጅ በእኔ በኩል ሆነ የሚነጋገሩት። አንድ ማዕድ ላይ ተቀምጠው፣ "ለልጅሽ ጨው አቀብዪኝ በያት" ይላል። "ለባልሽ ጨው አጠገቡ ነው በዪው" ትላለች። ስልክ ቤት ሆንኩላችሁ!

ጥቅምት ላይ አንድ ቀን አበራ በረድፍ የተደረደሩ የወተት ጣሳዎች በጋሪ አስጭኖ መጣ። ምን አለሽ ተራ ወስዶ ቂጣቸውን አስበስቷቸዋል። ቆርቆሮ ቀጥቃጩ ገርሞት፣ "ጋሼ፣ ሰው ሁሉ የሚያፈሰውን ሊያስደፍን ይመጣል፤ እርስዎ ደህናውን ያስበሳሉ?" አለው አሉ። አፈር ሞላባቸው፣ የሆነ ዘር ዘራባቸው፣ ጓሮ ግድግዳው ሥር ፀሐይ ላይ ደረደራቸው።

"ምንድን ነው?" አልኩት።

"አደይ ነዋ!"

"ዘሩን ከየት አገኘኸው?"

"ከመርካቶ ነዋ!"



ዘሩ በቀለ። አሁን እዚህ ላይ ልብ በሉ። እኔ የጎጃም ልጅ ነኝ። የአደይ ቅጠል ስንጥቅጥቅ ያለ ቀጭን ነው። ይሄ ሰፋ ብሎ፣ ግንዱን እቅፍ አድርጎ ነው የወጣው። በልጅነቴ የቤታችን ደጃፍ እስከ ወንዙ ድረስ ቢጫ የሚሆነው በዚህ ነው። ኑግ! ዘይት የሚጨመቅበት ኑግ! ነገሩ ወዲያው ገባኝ። የእኔ የዋህ እህል በረንዳ ሄዶ "የአደይ ዘር አለ?" ብሎ ጠይቋል። ነጋዴውም "እንዴት አይኖርም!" ብሎ ኑግ አስይዞታል። አደይን ማን ዘርቶት ያውቃል? ማንስ ሰፍሮ ሸጦት ያውቃል? ግን መርካቶ የሌለ ነገር አልተፈጠረም ለሚል ሰው እንዲህ ነው የሚሸጥለት።

ልነግረው ወደ ጓሮ ወጣሁ። አበራ ጣሳዎቹ ፊት ቁጢጥ ብሏል። በእጁ ለስላሳ ጨርቅ ይዟል። ሱቅ ውስጥ እንደሚያደርገው ቅጠሎቹን አንድ በአንድ ይወለውላል! አቧራ ያራግፍላቸዋል! ሕያው አበባ ይዞ የማያውቅ ሰው ሌላ ምን ያድርግ? "በርቱ እንግዲህ" ይላቸዋል ደግሞ። አፌን ያዝኩና ወደ ቤት ተመለስኩ። አንዳንድ እውነት እኮ ይዘውት ወጥተው ይዘውት የሚመለሱት ነው።

አንድ ቀን ሜሮን ከሥራ ስትመለስ በዚሁ ሥራ ላይ አገኘችው። በሩ ላይ ቆማ ብዙ አየችው።

"አባዬ፣ ቅጠል አይወለወልም።"

"ታዲያ አቧራውስ?"

"ተወው። አይጎዳውም።"

ጆጉን አንስታ ውኃ ማጠጣት ጀመረች። በእኔ በኩል ሳያልፉ ተነጋገሩ! ከሥራዬ ተሰናበትኩ፤ ተመስገን አልኩ። ከዚያ በኋላ ማታ ማታ አብረው ነው የሚያጠጡት። ስለምን እንደሚያወሩ አላውቅም። ሳቃቸው ግን ወጥ ቤት ድረስ ይሰማኛል።

የጥምቀት ሰሞን ፈነዳ። ጓሮው ቢጫ ሆነ። ጎረቤቱ ሁሉ "ጥር ላይ አደይ!" እያለ ሊያይ መጣ። ከተማ ተወልዶ ያደገ ሰው ቢጫ ካየ አደይ ነው። ሐጂ ከድርም መጡ። ጎንበስ ብለው አዩ፣ አሳላቸው፣ አፋቸውን ይዘው እየተቻኮሉ ወጡ። አቧራ ገብቶባቸው ነው አልኩ። አበራማ ደረቱን ነፍቶ እየዞረ፣ "አልነገርኳችሁም? መርካቶ ነው!" ይላል።

የሠርጉ ቀን ሜሮን ያንን ቢጫ አበባ በአባቷ ሱቅ ነጭ ሪባን አስራ ታቅፋ ገባች። ድንኳኑ በእልልታ ተናጋ። ልትመረቅ አባቷ ፊት ስትንበረከክ ምን መጣ መሰላችሁ? ንብ! መርካቶ ውስጥ ንብ ከየት ይመጣል? ማር ከሚሸጥበት ይሆናል። ዞረች፣ ዞረችና እቅፉ ላይ አረፈች። ሚዜዋ ልትመታት መሐረብ አነሳች። አበራ እጁን ዘርግቶ አስቆማት። "ተያት፣ የተጠራች እንግዳ ናት" አለ። ሜሮን ቀና ብላ አየችውና እንባዋ ወረደ። እሱም መረቀ። ድምፁ እየተቆራረጠበት፣ ግን እስከ መጨረሻው መረቀ።

ሁሉም ነገር አማረ ስል የሙሽራው አክስት እትዬ አትጠገብ ከጎጃም መጥታ ኖሯል። ምሳ ላይ አጠገቤ ተቀመጠች። አበባውን አየች። ዓይኗን አጠበበች። አንገቷን አሰገገች። "ውይ! ይሄ እኮ ኑ—" ስትል እጄ ከአፏ ቀድሞ ነበር። ዶሮ ወጥ ጠቅልዬ አጎረስኳት። ጉርሻ ነው ብላችሁ ነው? ቡሽ ነው እንጂ! ልትናገር ስትል ደገምኩ። ጉርሻ ካልሠለሰ ያጣላል ብዬ ሠለስኩ። በዓይኔም ለመንኳት። ብልህ ሴት ናት፣ ገባት። አፏ ባዶ ሲሆን ብድግ ብላ ሙሽሮቹን እንዲህ ስትል መረቀች፦ "ከኑግ የተገኘህ ሰሊጥ አብረህ ተወቀጥ ይባላል። ልጆቼ፣ ጊዜ ቢወቅጣችሁም አብራችሁ ተወቀጡ!" ድንኳኑ ሙሉ "አሜን" አለ። የእኔ አሜን ሳይበልጥ አይቀርም።

እንግዳ ሁሉ ከተሸኘ በኋላ አበራ ጫማውን እያወለቀ፣ "አደዩ እንዴት ነበር የሺ?" አለኝ።

"እንደ መስከረም" አልኩት።

ፈገግ አለና "አንቺ ካልሽ ነው" አለ።

ይችን ፈገግታ ያዙልኝ።

ከዚያ ብዙ ዓመት ኖርን። ጥሩ ኖርን። አምና ስኳር በሽታው ጠንቶበት ጥሎኝ ሄደ። ድንኳኑ ያው ድንኳን ነው፣ እድሩም ያው። ሐጂ ከድር ሱቃቸውን ዘግተው ሊያጽናኑኝ ይመላለሱ ነበር። አንድ ቀን እኔና ሜሮን ባለንበት እንዳቀረቀሩ ትከሻቸው ይንቀጠቀጥ ጀመር። የሚያለቅሱ መስሎን ውኃ አመጣንላቸው። ለካ ይስቃሉ።

"አላህ ይቅር ይበለኝ" አሉ እንባቸውን እየጠረጉ። "ያ ኑግ ትዝ ብሎኝ እኮ ነው።"

እኔና ሜሮን ቀጥ አልን።

"እህል በረንዳ ስንሄድ አብሬው ነበርኩ። ነጋዴው 'አደይን የሚዘራው ፈጣሪ ነው፣ እኔ ጋ የለም' አለው። አበራ ቆሞ አሰበና 'ቢጫ የሚያብብ ምን አለህ?' አለ። ሰውዬው 'ኑግ' አለው። እኔ ደግሞ 'አንተ ሰውዬ፣ ሚስትህ እኮ የጎጃም ልጅ ናት። ገና ቅጠሉን ስታይ ታውቀዋለች' አልኩት። ምን አለኝ መሰለሽ የሺ? 'ታውቃለች ሐጂ፣ ግን ዝም ትላለች። ዝም ባትልልኝ እስካሁን መቼ እኖር ነበር?' አለኝ። ወላሂ!"

ስንት ዓመት ሙሉ እኔ ነኝ ያላጋለጥኩት፣ ጉዱን የሸፈንኩለት እያልኩ በሆዴ ስኮራ ነበር። እሱ ለካ የእኔን ዝምታ አስቀድሞ ቆጥሮ ነው ዘሩን የገዛው! በዚያ ለቅሶ መሐል ሳቅሁ። መጀመሪያ የሳቅሁት ያን ቀን ነው። ያን የሠርግ ማታ ፈገግታም ያን ቀን ነው ያነበብኩት።

ከዚያ ወደ ሜሮን ዞርኩ። ደነገጥኩ። ከልጅቷ አደይዋን መንጠቃችን አይደል?

"የኔ ልጅ..." ብዬ ስጀምር አላስጨረሰችኝም።

"እማዬ፣ እኔ እኮ የሠርጉ ቪዲዮ ከመጣ ጀምሮ አውቃለሁ። እትዬ አትጠገብ 'ኑግ' ልትል ስትል ያጎረስሻት ጥርት ብሎ ይታያል። ለአባዬ ብዬ ነው ዝም ያልኩት። እንዳላውቅ የለፋውን ሰው እንዴት አውቄብሃለሁ እለዋለሁ?"

ያን ቪዲዮ እኔም ስንቴ አይቼዋለሁ። ግን የማየው አበራን ነው፤ ራሴን ማን ልብ ይላል? አያችሁ ጉዳችንን? አንድ ምሥጢር ለሦስት ስንጠብቅ ኖረናል፤ የምንደብቀው ሰው ግን ቤቱ ውስጥ አልነበረም።

ዘንድሮም ጥቅምት ላይ ጣሳዎቹን ዘርቼባቸዋለሁ። ሰሞኑን ፈንድተዋል። ለሙት ዓመቱ መቃብሩ ላይ ይዤለት ሄድኩ። አንዲት ሴትዮ አየችኝና "እትዬ፣ በጥር አደይ ከየት አገኙ?" አለችኝ።

"ከመርካቶ" አልኳት።

ስለዚህ ዘንድሮ ልጃችሁን የምትድሩ፣ ለወቅቱ የሚስማማ አበባ ፍለጋ አትድከሙ። አይቶ ዝም የሚላችሁን ሰው ፈልጉ። እሱ ከተገኘ አበባው ኑግም ቢሆን ይበቃል።