ፈቃዱ በጽሑፍ ነው በአፍ?

ፎቶ አንሺ የሆነ ሰው ሁሉ አንድ ኡበይድ አለው። ፎቶ አይነሳም፣ ሥራ አያሠራም፤ ይጠይቃል ብቻ። የእኔው ኡበይድ ሐይቅ ከተማ ባጃጅ ይነዳል። ከባጃጁ የበለጠ የሚያሽከረክረው ግን እኔን ነው።

ማዕረጉን ሳላጓድል ልጥራው፤ ክቡር ጠቅላይ መርማሪ ኡበይድ፣ የካሜራዎች ሁሉ የበላይ ጠባቂ። ጠዋት ስቱዲዮዬን ስከፍት ባጃጁን አስፋልቱ ዳር ያቆምና ይጀምራል። «አሰላሙ ዓለይኩም። ሌንሱን ቀየርከው? ስንት ገባ? ለጉርድ ፎቶስ ስንት ታስከፍላለህ? ውጫሌ ከተማ ያሉት እኮ በዚህ ዋጋ ስድስት ይሰጣሉ።» ከዚያ ግድግዳው ላይ የሰቀልኳቸውን የሰዎች ፎቶዎች ያይና ማሳረጊያው ይመጣል። «ፈቃዱስ፣ በጽሑፍ ነው በአፍ?»

ፎቶ በኢንተርኔት እንደምሸጥ ካወቀ ወዲህ ደግሞ ባሰበት። ፎቶውን አንድ የውጭ ድረ ገጽ ላይ አስቀምጣለሁ፤ የፈለገ ድርጅት ከፍሎ ለማስታወቂያው ይጠቀምበታል። ይህን ግማሽ ቀን ሙሉ አስረዳሁት። ሰምቶ ሲያበቃ ሐይቁ ላይ ያነሳኋትን ዳክዬ አየና «እሷስ ፈርማለች?» አለኝ፣ ሳይስቅ።

የጎረቤቴ የኑርዬ ሰርግ ላይ ሙሽራዋ ከመኪና ልትወርድ እግሯን ስታወጣ ከኋላዬ መጥቶ «ትርፍ ባትሪ ይዘሃል?» አለኝ። አልያዝኩም። ባትሪው እዚያው አለቀ። የእሱ ዓይን ነው ብዬ አንድ ሳምንት አኮረፍኩት።

እንዲህ እየሳቅኩበት እንዳልዘልቅ ያደረገኝ የሀኒያ ነገር ነው።

ሀኒያ የእትዬ ዙለይሃ ልጅ ነበረች። እናትና ልጅ ሐይቁ ዳር ዓሣ ይሸጡ ነበር። ከሦስት ዓመት በፊት አንድ ትልቅ ዓሣ በሁለት እጇ ይዛ ስትስቅ አነሳኋት። «ልሽጠው?» አልኳት። «ማን ይገዛዋል ብለህ ነው?» ብላ የባሰ ሳቀች። በእኛ ዘንድ ይህ ፈቃድ ነው። እየሳቀ እሺ ያለን ሰው ወረቀት አውጥቶ ፈርም ማለት አላመንኩህም ማለት ነው፣ ነውር ነው። ድረ ገጹ ግን የተነሳችው ሴት የፈረመችበትን ወረቀት አምጣ አለ። ሞላሁትና በስሟ ራሴ ፈረምኩ።

በዓመቱ ሀኒያ ዓረብ አገር ሄደች። በስምንተኛው ወር በሣጥን መጣች። እንዴት እንደሞተች የነገረን የለም።

አርባዋ ሳይደርስ መናኸሪያው ግድግዳ ላይ ማስታወቂያ ተለጠፈ። «ለሥራ ወደ ውጭ አገር መሄድ ለምትፈልጉ እህቶች» ይላል። ከስሩ ሀኒያ ናት። ዓሣውን ቆርጠው አውጥተውታል፤ እሷ ግን ትስቃለች። እትዬ ዙለይሃ ዓሣቸውን ይዘው ሲያልፉ አዩዋት። ግድግዳው ስር ተቀመጡና አልነሳም አሉ።

ኡበይድ በባጃጁ አሳፍሮ እኔንም እሳቸውንም ማስታወቂያውን ወደ ለጠፉት ሠራተኛ ላኪዎች ቢሮ ወሰደን። «ከፍለን የገዛነው ነው» ብለው ወረቀት አሳዩን። እውነታቸውን ነው። የሸጥኩላቸው እኔ ነኝ።

ኡበይድ ወረቀቱን አገላብጦ አየና ወደ እኔ ዞረ። «የሀኒያስ ፈቃድ፣ በጽሑፍ ነው በአፍ?»

ውሸቱ አፌ ላይ ነበር። እናቷ ግን ያዩኛል።

«በአፍ» አልኩ። «ፊርማው የእኔ ነው።»

«እንግዲያው የማይሸጥ ነው የሸጥከው» አለ። ያንኑ ዕለት አጠገቤ ተቀምጦ ለድረ ገጹ እውነቱን አስጻፈኝ። ፎቶው ከድረ ገጹ ተነሳ፤ እዚያ የነበረኝ የአምስት ዓመት ሥራም አብሮ ተዘጋ። ላኪዎቹ እያጉረመረሙ ማስታወቂያውን ከሐይቅ አነሱት። በወልድያ መንገድ አሁንም አየነው የሚሉ አሉ።

እትዬ ዙለይሃን አድርሰን ስንመለስ ኡበይድ ዓይኑን ከመንገዱ ሳያነሳ አወራኝ። «ሳውዲ፣ ደማም ከተማ አሥር ዓመት ማተሚያ ቤት ሠርቻለሁ። ለማስታወቂያ የሰው ፊት መቁረጥ ነበር ሥራዬ። ወላሂ፣ ይህ ፊት የማን ነው ብዬ አንድ ቀን ጠይቄ አላውቅም።»

በሳምንቱ እትዬ ዙለይሃ ስቱዲዮ መጡ። ፎቶውን ከነዓሣው አትሜ ሰጠኋቸው። ወዲያው ኡበይድ ገባ። የወረቀቱን ዋጋ ሊጠይቅ ነው ብዬ ጥርሴን ነከስኩ።

«እትዬ ዙለይሃ» አላቸው፣ «እሱ ጋ የቀረውን ያጥፋው ወይስ ያስቀምጠው ይላሉ?»

ላኪዎቹም እኔም ስለ ልጃቸው እሳቸውን ጠይቀን አናውቅም። ይህን ነዝናዛ ሰው እንደምወደው የገባኝ ያን ጊዜ ነው።

እትዬ ዙለይሃ ፎቶውን ብዙ አዩት። «ያስቀምጠው» አሉ። «ይህ ቢጠፋብኝ የምትስቅበት ሌላ የለኝም። ለማንም እንዳይሰጥብኝ ብቻ።»

ኡበይድ ወደ እኔ ዞረ። ገና አፉን ሳይከፍት ወረቀት ስቤ ያሉትን ጻፍኩ። ከስሩም ፈረምኩ፤ በራሴ ስም።