ፍሪጅ የሚጠብቅ ኢንቨርተር

ለሚኖረው ኑሮ ሳይሆን ለሚናፍቀው ኑሮ ዕቃ የሚገዛ ሰው ገጥሟችሁ ያውቃል? እኔን ገጥሞኛል። ሸዋ ሮቢት ሳስተምር ጎረቤቴ የነበሩት ጋሼ ታደሰ፣ መብራት ሲጠፋ በባትሪ የሚያሠሩት አንድ አምፖልና አንድ ቬንትሌተር ብቻ ነበር። የባትሪውን ኃይል ለቤት ዕቃ እንዲሆን የሚቀይርላቸው የገዙት ኢንቨርተር ግን ወፍጮ ቤት ያስነሳል ብል ማጋነን አይሆንብኝም። ለምን በሉኛ! ጎንደር የተመደቡት ነርስ ባለቤታቸው ፍሪጃቸውን ይዘው ሊመጡ ነዋ! ዝውውሩ «በሂደት ላይ ነው» ከተባለ አራተኛ ዓመቱ ነበር።

ባትሪው ቶሎ ቶሎ እያለቀ ሲያስቸግር ኤሌክትሪሻን ጠሩ።

«ጋሼ፣ ትልቅ ኢንቨርተር ሥራ ባይኖረውም ቁጭ ብሎ ባትሪ ይበላል። ለእርስዎ ትንሹ ይበቃል» አላቸው።

«ትንሹን ገዝቼ ሚስቴ አትመጣም ልበል?» አሉት።

ከዚያ ባትሪው እንዲበረክት ቬንትሌተሩን አጠፉና፣ በዚያ ሙቀት ላባቸውን እየጠረጉ፣ ኢንቨርተሩን እንደበራ ተዉት።