ዱካ ላይ ያረፈው አጥቂ

ሰው ታመመ ሲባል አገሩ ሁሉ ሐኪም ነው። አይደለም እንዴ? እኔን ብሽሽቴን ሲይዘኝ ሰፈሩ በአንድ ድምፅ “ብርድ ነው!” አለኝ። ሀዋሳ ላይ! በዚያ ጠራራ ፀሐይ!

ሚሊኒየሙ ሊገባ ሰሞን ነው፤ ባጃጅ ገና ብርቅ ነበር። እኔ ደግሞ የሰፈራችን ቡድን አጥቂ ነኝ። ጉራ አይሁንብኝና፣ ግራ እግሬን ሳነሳ በረኛው ጸሎት ይጀምር ነበር። ታዲያ ከቱላ ልጆች ጋር ለዋንጫ ልንጫወት ሦስት ወር ሲቀረን ጉድ ፈላ። ኳስ ልመታ ስል ብሽሽቴን ይወጋኛል። ካልሲ ማጥለቅ እንኳ ፈተና ሆነብኝ።

የምኖረው አጎቴ ጋሼ በቀለ ዘንድ ነው። የቡድናችን ቀንደኛ ደጋፊ እሳቸው ናቸው። እየጎተቱ ሐኪም ቤት ወሰዱኝ።

የፊዚዮቴራፒ ባለሙያዋ ሲስተር ማርታ እግሬን አጠፈች፣ አዞረች። እኔም ጮህኩ። ራጅ አስነስታኝ አይታ፣ ዳሌዬ ሲታጠፍ የጭኔ አጥንት ከማቀፊያው ጋር እየተጋጨ ነው አለችኝ። ቀዶ ጥገና ልትለኝ ነው ብዬ ላብ አጠመቀኝ። እሷ ግን መጀመሪያ ያለ ቢላዋ እንሞክራለን፣ ለጊዜው ሩጫና ምት ትተህ እረፍ አለችኝ። ልስማት ምንም አልቀረኝ!

አረፍኩ። ማረፍ ይሉሃል ይሄ ነው! ጉልበቴን አገጬ ስር ወትፌ፣ መሬት ልትነካ ምንም በማይቀራት በርጩማ፣ ዱካዬ ላይ ካርታ ስጫወት ሦስት ሳምንት። ሕመሙ ባሰበት።

ተመልሼ ሄድኩ። የት ነው ያረፍከው አለችኝ። ዱካ ላይ አልኳት። እንባዋ እስኪወርድ ሳቀች። ለካ እንደዚያ ተጣጥፌ ስቀመጥ አጥንቱን እያጋጨሁት ኖሯል! “ቁጭ ብለው የሰቀሉትን ቆሞ ማውረድ ይቸግራል” የተባለው ለእኔ ነው። ከዛሬ ጀምሮ ከፍ ያለ ወንበር ላይ ብቻ፣ ቁጢጥ ማለት ክልክል፣ የመቀመጫህንም ጡንቻ አጠንክር አለችኝ። በጀርባዬ ተኝቼ ወገቤን ማንሳት፣ ጉልበቴን በጎማ አስሬ ወደ ጎን መራመድ። ጎማውን ከአሮጌ የብስክሌት ከመነዳሪ ቆረጥኩ። ጠዋት ጠዋት በሐይቁ ዳር እንደዚያ ታስሬ ወደ ጎን ስሄድ ጀልባ ቀዛፊዎቹ ያማትቡ ነበር።

ትልቁ ችግር ግን ቤታችን ውስጥ ያለው ረጅም ወንበር አንድ ብቻ ነው። የጋሼ! ታናሽ ወንበር ላይ፣ ታላቅ ዱካ ላይ? በየት አገር! ጋሼ ወንበሩን አዩ፣ እኔን አዩ። “ቱላ ዋንጫውን ከሚበላ እኔ መሬት ልቀመጥ!” ብለው ተነሱልኝ። እንግዳ በመጣ ቁጥር በሀፍረት አለቅሁ። ጥጋበኛ ተባልኩ። ጋሼ ከታች ሆነው “የሐኪም ትእዛዝ ነው!” እያሉ ይከራከሩልኛል። እኔም፣ አልዋሽም፣ ወንበሩን እየለመድኩት መጣሁ።

ሕመሙ ሲቀልልኝ ሲስተር ማርታ ቀስ በቀስ ሩጫ፣ ከዚያም ምት ፈቀደችልኝ። የዋንጫው ቀን ደረሰ። ባዶ ለባዶ። ሊያልቅ ትንሽ ሲቀረው ኳሷ ግራ እግሬ ስር ገባች። ሳላስበው ለጋኋት። ጎል! ደግሞም አልወጋኝም! አልወጋኝም! ሜዳውን እየዞርኩ የጮህኩት “ጎል” ብዬ ሳይሆን “አላመመኝም!” ብዬ ነው።

ጋሼ እየሮጡ ገቡ። ሊሸከሙኝ ጎንበስ አሉ፤ እንደጎነበሱ ቀሩ። ብሽሽታቸውን ይዘዋል። ሁለት ወር ሙሉ ዱካ ላይ!

ሰዉ ተሰበሰበ። ምን ነካቸው ሲል ከሁሉ ቀድሞ “ብርድ ነው!” ያለው ማን ይመስላችኋል? እኔ ነኛ! ዱካው ነው ብል ወንበሩን ልመልስ አይደል?